ሞርፊን በሕጋዊ መንገድ፦ በአዲስ አበባ ለካንሰር ሕመምተኛ ጠንካራ ማስታገሻ ማግኘት

ይህ ጽሑፍ በካንሰር የሚሠቃይ ሰው በቤቱ ለሚያስታምም ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። እናቴ በማኅፀን በር ካንሰር ታማ ሳለች ያስታመምናት እኔና ታናሽ እህቴ ነበርን። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ሰፈር ስለነበር ከከተማዋ ትልልቅ ሆስፒታሎች የራቅን አልነበርንም፤ ቢሆንም ሞርፊን እጃችን እስኪገባ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብናል። ከእነዚህ ሳምንታት አብዛኞቹ ያለፉት መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ ሳይሆን፣ ማንን ምን ብለን እንደምንጠይቅና የትኛውን ወረቀት ይዘን እንደምንቀርብ ባለማወቃችን ነው። ሰባቱን ሳምንት ወደ ጥቂት ቀናት ማሳጠር እንደሚቻል አሁን ስለማውቅ፣ መንገዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሕጉ

በብዙ ቤት የመጀመሪያው እንቅፋት ስሙ ራሱ ነው። ሞርፊን ሲባል ሰው ሱስንና ፖሊስን ያስባል፤ አንዳንዱም «ሞርፊን ከተጀመረላት አበቃላት ማለት ነው» ይላል። ይህ ፍርሃት ሕመምተኛውን ያለ ማስታገሻ ስለሚያስቀር ከሥሩ መነቀል አለበት። ሞርፊን የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ካወጣበት ጊዜ አንሥቶ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1961 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነትም፣ ስለ ቁጥጥር አንድ አንቀጽ ከመደንገጉ በፊት፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውንና ለሕክምና የሚያስፈልገው መጠን እንዲገኝ መደረግ እንዳለበት በመግቢያው ላይ አስፍሯል። በአገራችን ቁጥጥሩን የሚያካሂደው፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር (የከባድ ሕመምተኛን ሥቃይ የማስታገስ ሕክምና) መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ሐኪም በልዩ ማዘዣ ያዘዘውን ሞርፊን ከመድኃኒት ቤት ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አስታማሚ ሊያፍርም ሊሸማቀቅም አይገባውም።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ

እናቴ ሌሊቱን ሙሉ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አድራ፣ ጠዋት ሐኪሙ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» ሲላት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» ትለው ነበር። ሐኪሙም ይህንኑ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ከኋላዋ የተሰለፉት ደግሞ ብዙ ናቸው። አስተዳደጋችን ሥቃይን ችሎ ዝም ማለትን የሚያስከብር ስለሆነ፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች በባዕድ ፊት «አመመኝ» ማለትን እንደ ማማረር ይቆጥሩታል። በመሆኑም የሕመሙን ነገር ሐኪሙ እንዲጠይቅ መጠበቅ አይበቃም፤ አስታማሚው አስቀድሞ ጽፎ ይዞ መቅረብ አለበት።

የሚጻፈው ይህ ነው። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት፣ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደተነሣ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ እንደሆነ፣ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሚሰጠው፣ ምን ሲደረግ እንደሚብስ፣ የተወሰደው ማስታገሻ ስሙ ማን እንደሆነና ለስንት ሰዓት እንደያዘ በአንድ ደብተር ይመዝገብ። ሕመምተኛዋ በቁጥር መናገር ካስቸገራት አሥር ጣቶቿን ዘርግታ «ከእነዚህ ስንቱ ያማል?» ተብላ ብትጠየቅ ይቀላታል፤ እናቴ የመጀመሪያ ቀን ስምንት ጣት ዘርግታ፣ አየት አድርጋን፣ ዘጠነኛውን ጨመረች። እኔና እህቴ እስከዚያ ቀን ድረስ አምስት ወይም ስድስት ይሆናል ብለን ስንገምት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ባለ ሦስት ደረጃ አካሄድ ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞልንና የመሳሰሉትን፣ ለመካከለኛው ኮዴይንንና ትራማዶልን የመሳሰሉትን፣ ለከባዱ ሞርፊንን ያስቀምጣል፤ ሕመሙ ከመነሻው ከባድ ከሆነ ታችኞቹን ደረጃዎች አንድ በአንድ መውጣት ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ደብተሩን እያሳያችሁ በቀጥታ እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ ትራማዶሉ ሁለት ሰዓት እንኳን አይዝላትም፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነቃለች። ሞርፊን ያስፈልጋት እንደሆነ ይዩልን፤ የፓሊየቲቭ ኬር ባለሙያ ካለም እንዲያያት እንፈልጋለን።» መድኃኒቱን በስሙ መጥራት ድፍረት አይደለም። በዚያው ጊዜ የኩላሊት ወይም የመተንፈሻ ችግር እንዳለባት፣ የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት መድኃኒት እንደምትወስድ፣ መጠጥም የሚጠጣ ሕመምተኛ ከሆነ ይህን ሁሉ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ሞርፊኑን አደገኛ ሊያደርጉ የሚችሉት በተለይ እነዚህ ናቸው።

የሆስፒታል ካርድ ገና ያላወጣ ሕመምተኛ ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ይጀምር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ቅደም ተከተሉን ካልጠበቀ ወጪው ላይሸፈንለት ይችላል። ከክፍለ ሀገር መጥተው በጥቁር አንበሳ ዙሪያ፣ ከትግላችን ሐውልት ጀርባና በሜክሲኮ በኩል ቤት ተከራይተው የሚመላለሱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ለሕፃናት ደግሞ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ማረፊያ ስለሚሰጡ አስቀድሞ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይ ባለሙያ ለሚያስፈልገው ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የቤት ለቤት ክትትል ሲያደርግ የቆየ ድርጅት ነው።

ወረቀቱና መስኮቱ

ሞርፊን በተራ ማዘዣ አይሰጥም፤ ለናርኮቲክ መድኃኒቶች በተዘጋጀ ልዩ ማዘዣ ወረቀት መጻፍ አለበት። ማዘዣው መድኃኒት ቤቱ ዘንድ ስለሚቀር ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ይጻፋል። ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ፣ በሩ ላይ ቆማችሁም ቢሆን፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የሕመምተኛዋ ሙሉ ስም በካርዱና በመታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕድሜዋና የካርድ ቁጥሯ መጻፉን፣ መድኃኒቱ ፈሳሽ ይሁን ኪኒን፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ለስንት ቀን፣ ከዚያም ቀኑ፣ የሐኪሙ ስም፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ተመልከቱ። ስርዝ ድልዝ ካለበት በትሕትና ሌላ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

ይህን የምለው በእኛ ላይ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያው ማዘዣችን ላይ የእናቴ የአያት ስም ተዘልሎ፣ የሚሊግራሙም ቁጥር ተሰርዞ በላዩ ተጽፎበት ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ በመስኮቱ በኩል ወረቀቱን መልሳ «ይህን ልሰጣችሁ አልችልም፣ ይስተካከል» አለችን፤ ትክክል ነበረች፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ሚሊግራም በመዝገብ አስፍራ የምትጠየቅበት እርሷ ናት። ወደ ሐኪሙ ስንመለስ ወጥቷል፤ ቀኑ ዓርብ ነበር፤ እናቴ ቅዳሜንና እሑድን በትራማዶል አሳለፈች። በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች የሰማሁትን ድምፅ ሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈልግም።

ሞርፊን የሚይዘው ሁሉም መድኃኒት ቤት አይደለም። ካዘዘው ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ጀምሩ፤ ካለቀባቸው ወዴት እንደምትሄዱ እዚያው ጠይቁ፤ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችንም በስልክ ማጣራት ከፒያሳ እስከ ስታዲየም በእግር ከመዞር ይሻላል። ፈሳሹ ጠፍቶ ኪኒኑ ቢገኝ ወይም በተቃራኒው ቢሆን ማዘዣው እንደገና መጻፍ ስለሚያስፈልገው፣ መድኃኒት ቤቱ የትኛው እንዳለው ሐኪሙ ከመጻፉ በፊት ማወቅ አንድ ምልልስ ይቀንሳል። ለመቀበል ስትሄዱ የሕመምተኛዋንና የተቀባዩን መታወቂያ እንዲሁም የሆስፒታል ካርዱን አብራችሁ ያዙ። ማዘዣው የተሟላ ሆኖ ሳለ የሚከለክላችሁ ሰው ካጋጠመ ምክንያቱን በግልጽ ጠይቁ፤ አጥጋቢ መልስ ካላገኛችሁ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 መደወል ይቻላል።

ጠርሙሱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። አምስት ቀን ሲቀረው አዲስ ማዘዣ ለማስጻፍ ተነሡ፤ በዓል ከሆነ ደግሞ ከዚያም አስቀድሙ። ከስቅለት እስከ ማዕዶት ባሉት ቀናት ማዘዣውን የሚጽፈውን ሐኪም ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ሞርፊን የምትወስድ ሕመምተኛ ግን አንድ ቀን እንኳን መዝለል የለባትም።

ቤት ውስጥ

መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ ትልቁ ሥራ በአስታማሚው እጅ ነው፤ እኛም በጣም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር። በጠርሙሱ ላይ «በየ4 ሰዓት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያን ሳምንት ተራዋ የነበረችው አክስቴ «በ4 ሰዓት» ማለት መስሏት፣ ጠዋት በ4 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ማታ በ4 ሰዓት አንድ ጊዜ ትሰጣት ነበር። እናቴ ረፋዱ ላይ ፊቷ ፈታ ይልና ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትጨማደዳለች፤ እኛም ሞርፊኑም አልሠራላትም ብለን ተስፋ ልንቆርጥ ደርሰን ነበር። በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ሞርፊን ሥራውን የሚጀምረው በግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን የሚቆየውም 4 ሰዓት ያህል ነው፤ እርሷ ግን በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ትወስድ ነበር ማለት ነው።

ስሕተቱን ያረመችልን አንዲት ነርስ የነገረችንን እነሆ። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር የሞርፊን ሰዓቶች ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ 12፣ 4፣ 8። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፤ እንደገና ማታ 12፣ ማታ 4፣ ሌሊት 8። ማንበብ የማትችለው የሰፈራችን ሠራተኛ እንኳን ይህን ሰምታ አልረሳችውም። በትልቅ ወረቀት ጻፉና ከአልጋው በላይ ለጥፉት፤ የሰጠ ሰው ሁሉ ከሰዓቱ አጠገብ ምልክት ያድርግ፤ እንዲህ ካልሆነ እህት ሰጥታ ወንድም ይደግማል። የሌሊቱ 8 ሰዓት ሕመምተኛዋን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ የማታው 4 ሰዓት መጠን ከፍ ተደርጎ ሌሊቱ እንዲታለፍ የሚፈቅዱ ሐኪሞች አሉ፤ ይህን ግን ሐኪሙ እንጂ ቤተሰቡ አይወስንም። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ኪኒን ግን ከዚህ ይለያል፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ ሲሆን ፈጽሞ አይሰበርም፣ አይደቆስም፣ አይታኘክም።

ልኩን በሻይ ማንኪያ አትስጡ፤ የአንዱ ቤት ማንኪያ ከሌላው ይለያል። መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ በእርሱ ለኩ። ሚሊግራምና ሚሊሊትር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የመድኃኒቱ ክብደት፣ ሁለተኛው የፈሳሹ ብዛት ነው። በአንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 5 ሚሊግራም ሊኖር፣ በሌላው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ በተለወጠ ቁጥር ባለሙያውን «በዚህ ሲሪንጅ እስከየትኛው መስመር ልቅዳ?» ብላችሁ ጠይቁና መስመሩን በቀለም አስምሩበት። በሰዓቶቹ መሐል ሕመሙ ድንገት ቢነሣ ስንት ተጨማሪ እንደሚሰጥም በዚያው ጊዜ ጠይቁ፤ ሐኪሙ ካልነገራችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አትጨምሩ።

የሆድ ድርቀት ከሞርፊን ጋር አብሮ ይመጣል፤ እንደ ሌሎቹ ችግሮች በጊዜ ብዛት አይጠፋም። ስለዚህ ቢሳኮዲልን የመሰለ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ፤ እናቴ ስድስት ቀን ሆዷ ሳይሄድላት ቆይታ ከካንሰሩ ይልቅ በዚያ ተሠቃይታለች። ማቅለሽለሽና ማንቀላፋት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ይተዋሉ። ብዙ ሌሊት ያልተኛ ሰው ሕመሙ ሲለቀው ረጅም እንቅልፍ መተኛቱም አያስደንግጥ። የሚያስደነግጠው ቀስቅሳችኋት የማትነቃ ከሆነ፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ወይም አተነፋፈሷ በጣም ዘግይቶ በደቂቃ 8 ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ቀጣዩን መጠን አቁማችሁ፣ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ስለ ሱስ ለሚጨነቁ ዘመዶች እንዲህ ማለት ይቻላል። ለካንሰር ሕመም በታዘዘው ልክ በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ስለዚህም በድንገት ከተቋረጠበት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ይህ መልመድ ከሱስ የተለየ ነው፤ መቀነስ ካስፈለገም ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ወደ ጠበል የሚሄዱ ሕመምተኞች ይህን በተለይ ማወቅ አለባቸው። እናቴ ሽንቁሩ ሚካኤል ልትጠመቅ ስትነሣ አንዲት ጎረቤት «ከጠበል ጋር መድኃኒት አይሄድም» አለቻት። የንስሐ አባቷ ግን ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር መሆኑን ነግረዋት፣ ሲሪንጁንና ጠርሙሱን በዘንቢል ይዘንላት ሄድን። በጾም ወቅት ወይም በረመዳንም እንዲሁ፣ የሃይማኖት አባትን አስቀድሞ ማማከር ሕመምተኛው በድብቅ መድኃኒቱን እንዳይተው ይረዳል።

ከአሜሪካ ስለሚመጣው ምክር

ብዙ ቤተሰብ ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያ ወይም ከሚኒሶታ ስልክ ይደወልለታል፦ «እዚህ ለካንሰር ካናቢስ ይሰጣል፣ ዘይቱን በሰው ልላክላችሁ።» የሚደውለው ሰው በፍቅር ነው፤ ነገሩ ግን በትክክል መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በ1996 እ.ኤ.አ. ከጀመረች ወዲህ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ለሕመምተኞች የካናቢስ ፕሮግራም አላቸው። ሐኪሙ እንደ ሌላ መድኃኒት ማዘዣ አይጽፍም፤ ሕመምተኛው ክፍለ ግዛቱ ከሚቀበላቸው ሕመሞች አንዱ እንዳለበት ያረጋግጣል፣ ሕመምተኛውም ተመዝግቦ ፈቃድ ካለው መደብር ይገዛል። ይህ ፈቃድ የዚያው ክፍለ ግዛት ነው፤ በፌዴራሉ ሕግ ፊት እንኳን ሙሉ ዋስትና የለውም፤ በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር ሊያሻግረውም አይችልም።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለም። ካናቢስ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ሥር ስለሚወድቅ፣ ዘይቱን በሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚወርድ ዘመድ ለከባድ እስራት ራሱን ያጋልጣል። የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ካናቢስን ከላይ ከተጠቀሰው የ1961 እ.ኤ.አ. ስምምነት ጥብቁ አራተኛ ሠንጠረዥ ቢያወጣውም በአንደኛው ሠንጠረዥ ሥር ትቶታል፤ የአገራችንንም ሕግ አልለወጠም። ደግሞም ከዘይቱ የሚጠበቀው ነገር ሁሉ እዚህ ሕጋዊ መንገድ አለው። ለከባድ ሕመም ሞርፊን አለ፤ ካናቢስም የካንሰርን ሕመም በማስታገስ ሞርፊንን የሚተካ ሆኖ አልተገኘም። ከኬሞቴራፒ በኋላ ለሚመጣ ማስመለስ ኦንዳንሴትሮንና ሜቶክሎፕራማይድ አሉ። እንቅልፍ ማጣቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሲያዝ አብሮ ይሻሻላል። ልኬ ልርዳ ለሚል ዘመድ የሚሰጠው መልስ እኛ ለአጎቴ የሰጠነው ነው፦ ገንዘቡን ለታክሲና ለመድኃኒት ላክልን፣ ዘይቱን ተወው።

የተረፈው

ሞርፊኑን ከልጆች እጅ በራቀ፣ በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ጎረቤት ቢታመም እንኳን ከእናንተ ጠርሙስ አትስጡ፤ የእናታችሁ ልክ ለሌላ ሰው ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከከተማ ስትወጡ በራሱ ጠርሙስ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ፣ ከማዘዣው ቅጂና ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር ያዙት።

እናቴ ካረፈች በኋላ፣ በሠልስቷ ማግሥት፣ የተረፈውን ወደ ወሰድንበት መስኮት መለስን። ያቺው ባለሙያ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ በመስታወት መለኪያ ቀዳችው፤ 40 ሚሊሊትር ሆነ። በመዝገቧ ላይ ጻፈች፣ እኔም ፈረምኩ፤ ከዚያም ብዕሯን አስቀምጣ በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘችና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሕመሙ ይዞላት ነበር?» አለችኝ። ይዞላት ነበር።